ወደ ግራ የምትጠብቀው ዳዶ

በዘጠኝ ዓመቴ ሽማግሌ ፊት ቆሜ እውነቱን ተናግሬአለሁ። አንዲት ቃል አልዋሸሁም። ያየሁትን ተናገርኩ፤ እንዴት እንደሆነም በእጄ አሳየሁ። በዚያች እውነት የተነሳ አንድ ሰው ልጁን ይዞ ከደብረ ታቦር ወጣ፤ እኔ ደግሞ አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ «እንዴት ያለች ጎበዝ ልጅ» እየተባልኩ ኖርኩ። አሁን ጎበዝ የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ ፊቴን አዞራለሁ።

አባቴ ብርሃኑ የቧንቧ ሰራተኛ ነው። ያኔ በከተማው ቧንቧ ያንጠባጠበበት ሁሉ «ብርሃኑን ጥሩት» ነበር የሚለው። የመጀመሪያ ልጁ ነኝና ይኮራብኛል። ምሳውን በልቶ እጁን ሲታጠብ ፊቱ ያቆመኝና ይጠይቀኛል።

«ጽጌ፣ ወደ ቀኝ?»

«ይጠብቃል!»

«ወደ ግራ?»

«ይላላል!»

«አበጀሽ! የአባቷ ልጅ!» ይልና ወደ ላይ ወርውሮ ይቀልበኛል። አቡነ ዘበሰማያትን በወጉ ሳልይዝ ይህን ይዤ ነበር። የጀሪካኑን ክዳን፣ የዘይቱን ጠርሙስ፣ የቅባቱን ቆርቆሮ፣ ቤት ውስጥ የሚዞር ነገር ሁሉ እያዞርኩ ሞክሬአለሁ። ሁሉም አባቴ እንዳለው ነው። ስለዚህ አባቴ ተሳስቶ የማያውቅ ሰው ነው ብዬ ደመደምኩ፤ በዘጠኝ ዓመት ሌላ ምን ይደመደማል?

እናቴ ፈንታነሽ ዳቦ ጋግራ ለሻይ ቤቶቹ ታስረክብ ነበር። የእንጨቱ ጭስ ዓይኗን ሊያጠፋው ሲል ጎረቤታችን ጋሼ ሐምዛ የጋዝ መጋገሪያ ሰሩላት። ጋሼ ሐምዛ ብረት በያጅ ናቸው። ሚስታቸው ሞታባቸው አንድ ልጃቸውን ሀያትን ብቻቸውን የሚያሳድጉ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። መጋገሪያው ከብረት የተሰራ፣ ቁም ሳጥን የሚያክል ነገር ነው። ጋዝ ቤት ውስጥ አይደረግም ብለው ግቢው ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጥላ ስር አቆሙት። ከጎኑ ሲሊንደሩ ይቀመጣል፤ ከሲሊንደሩ ወደ መጋገሪያው ጥቁር ቱቦ ይሄዳል፤ በቱቦው ጫፍ ከሲሊንደሩ ራስ ጋር የምትገጥም የናስ ዳዶ አለች። የነገሩ ሁሉ ጣጣ እሷ ናት።

መጋገሪያውን ያቆሙ ቀን ጋሼ ሐምዛ እናቴን አጠገባቸው አቁመው እያንዳንዱን ነገር አሳዩዋት። እኔና ሀያት እግራቸው ስር ነበርን።

«ፈንታዬ፣ ስትዘጊ ከምንጩ ጀምሪ። መጀመሪያ የሲሊንደሩን ራስ ትዘጊያለሽ። ቱቦው ውስጥ የቀረችው ነዳ ትለቅ። እሳቱ በራሱ ጊዜ ሲጠፋ የመጋገሪያውን ትዘጊያለሽ። ከዚያ ነው ቱቦው የሚፈታው። እሳት እያለ ቱቦ አይፈታም፤ ሰማሽ?»

«ሰማሁ። ስገጥምስ?»

«ስትገጥሚ ሁሉም ዝግ ይሁን። ዳዶዋ ውስጥ ያለችውን የጎማ ቀለበት፣ ጎሚኒዋን፣ እያት፤ ተሰንጥቃ እንደሆን ወዲያ ጣያት።»

ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም። ብሩሽ በሳሙና አረፋ ነክረው የዳዶዋን ዙሪያ ሲቀቡ ዓይኔ አረፋው ላይ ቀረ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አልኳት ሀያትን በሹክሹክታ።

«ውዱእ እያስደረጓት ነው» አለችኝ ፈጠን ብላ። «ሳትታጠብ አትሰራም።»

አመንኳት። ወራት ሙሉ አምኛት ኖርኩ፤ ለካ እሷ ከት ብላ የምትስቀው በእኔ ነው! ጋሼ ሐምዛ ግን ለእናቴ ነበር የሚናገሩት። «ክብሪት ጭሮ የሚፈትሽ አለ፤ እሱ ሞቱን ነው የሚፈትሸው። በአረፋ ነው። አረፋው ከተነፋ ጋዝ እየወጣ ነው፤ ዝጊና እንደገና አጥብቂ።» ከዚያ ቀጭን ሽቦ አንስተው በፒንሳ ሁለት ቀለበት ሰሩና ለእኔም ለሀያትም አንድ አንድ ሰጡን። የተረፈው ሳሙና ውስጥ እየነከርን አረፋ ስንነፋ ዋልን። ከጀርባችን ጋሼ ሐምዛ «ይሄ እንደ ውሃ አይደለም፤ እንደ ውሃ አይደለም» እያሉ አንድ ነገር ደጋግመው ሲያስረዱ፣ እናቴም በገዛ እጇ ስትሞክር ይሰማኛል። ዞር ብዬ ብመለከት ኖሮ! አልዞርኩም፤ ትልቅ አረፋ ይዤ ነበር።

አባቴ ማታ ሲገባ ሁሉን ነገርኩት። «ጋሼ ሐምዛ ‹እንደ ውሃ አይደለም› አሉ» ስለው ጉርሻው አፉ ደጃፍ ቆመ።

«እንዲያ አለ? ለካ ውሃ ቀላል ነገር ኖሯል!» አለ። እናቴ ቀና ሳትል «እስቲ ብላ ብርሃኑ፣ ስለ ሌላ ነገር ነው ያወራነው» አለችው። ጋሼ ሐምዛ አባቴን ሰድበውታል ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ተቆጣሁ። ዛሬ ሳስበው አባቴን የከነከነው ስድቡ አልነበረም። ገና ከመጀመሪያው የሚያንገበግበው ሌላ ነው፤ በሱ ግቢ፣ ቱቦና ዳዶ ባለበት ስራ፣ ሚስቱ ሌላ ሰው መጥራቷ ነው።

ዓመቱ ዞሮ ቡሄ ደረሰ። የሙልሙል ትዕዛዝ ከየቤቱ ጎረፈ፤ እናቴ ሁለት ኩንታል ዱቄት አስመጣች። ዝናቡ አላቋርጥ ስላለ ጥላውን በሦስት በኩል በሸራ ጋረዱት። ነሐሴ አስራ አንድ ከሰዓት በኋላ ጋዙ አለቀና ጋሼ ሐምዛ አዲስ ሲሊንደር ይዘው መጡ። እናቴ ሊጥ ላይ ነበረች። እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የሚያደርጉትን አየሁ። ጎሚኒዋን አዩ። ዳዶዋን በጣታቸው አስያዙ፤ መፍቻ አነሱ።

ወደ ግራ አዞሯት።

አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ወደ ግራ። ከዚያ ውዱእዋን አስደረጓት፣ ሲሊንደሩን ዘጉና «በሰላም ዋሉ» ብለው ሄዱ። እኔ ደነገጥኩ። ፈትተዋት ሄዱ ማለት እኮ ነው!

አባቴ ሲመጣ በሩ ላይ ጠበቅኩት። «አባባ፣ ጋሼ ሐምዛ አላልተዋት ነው የሄዱት። ወደ ግራ ሲያዞሯት በዓይኔ አይቻለሁ።»

እንዲህ ደስ ሲለው አይቼው አላውቅም። ካፖርቱን ሳያወልቅ መፍቻውን ከቦርሳው አወጣና ከሸራው ስር ገባ። እኔ ባትሪ አበራሁለት። «ብየዳ ሌላ፣ ቱቦ ሌላ» እያለ ዳዶዋን ያዛትና ወደ ቀኝ ገፋ። መጀመሪያ እምቢ አለችው። ጨከነባት፤ ታዘዘች።

«አየሽ? ላልታ ነበር» አለ። ግማሽ ዙር ያህል ጨምሮ ተዋት። «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። እሱን ደግሞ ማሳፈር አያስፈልግም።»

ምን ዓይነት ጨዋ ሰው ነው አልኩ በልቤ። እናታችንን አዳናት፤ ሰውየውንም አላሳፈረም። የዚያን ቀን ማታ ጸሎቴን ሳደርስ እግዚአብሔርን ስለ አባቴ አመሰገንኩት።

በማግስቱ ጠዋት ስወጣ ግቢው ሸተተኝ። የበሰበሰ ነገር ነው የሚሸተው። ክረምት ነው፤ በየቤቱ አልጋ ስር ድንች አለ፤ ነሐሴ ላይ ደግሞ ድንች የማይበሰብስበት ቤት የለንም። ትናንትና እናቴ ድንቹን ልቀሚ ብላኝ ጨዋታ ይዞኝ ሳልለቅም ቀርቻለሁ።

«እማዬ፣ ድንቹ በስብሷል» አልኳት ፈራ እያልኩ።

«ኋላ እንለቅመዋለን፤ አሁን ከእግሬ ስር ተነሽልኝ» አለች። ጉንፋን ይዟት ስለ ነበር አፍንጫዋ አይሰራም። የሲሊንደሩን ራስ ከፍታ ትሪዎቹን ልታመጣ ወደ ቤት ገብታ ነበር፤ ሁለቱን ትሪዎች ተሸክማ ተመለሰች፤ አስቀመጠች፤ ክብሪት ጫረች።

ጋዝ በተፈጥሮው አይሸትም አሉ። እንዲታወቅ ብለው ነው ያንን ግም ሽታ የሚጨምሩበት። እኛ አገር ግን የድንች ሽታ ቀድሞ ቦታውን ይዟል።

«ቡፍ» ነው ያለው፤ ልክ ትልቅ ሰው ሻማ ሲያጠፋ እንደሚለው። ሸራው ወደ ላይ ተነስቶ ወረደ። ሰማያዊ ነገር መሬት ለመሬት ሲሮጥ አየሁ። እናቴ ሁለት እጆቿን ወደ ፊት ዘርግታ ወጣች፤ አልጮኸችም። የጮኸው ሌላ ሰው ነው፤ ኋላ ስሰማ እኔ ነኝ። ከአጥሩ ማዶ ጋሼ ሐምዛ ዘለው መጡ፤ እርጥብ ጆንያ እጃቸው ላይ ጠቅልለው የሲሊንደሩን ራስ ዘጉ። «ከምንጩ! ከምንጩ!» ይሉ ነበር። የዚያን ዕለት ማታ ልጆቹ ዱላቸውን መሬት እየመቱ ቡሄ ሊሉ ደጃችን መጡ፤ የሚሰጣቸው ዳቦ አልነበረም።

ነገሩ ፖሊስ ዘንድ ሳይደርስ ሽማግሌ ይየው ተባለ። እናቴ ከሐኪም ቤት በወጣች በሳምንቱ አቶ ሀብታሙና ሐጂ ኑሩ እኛ ቤት ተቀመጡ። ሁለቱም የሰፈሩ ሰው የሚሰማቸው ናቸው። ሲሊንደሩንና የተቃጠለውን ቱቦ አባቴ «ዳግመኛ ዓይኔ እንዳያየው» ብሎ አስወስዶ አስጥሎት ነበር። እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝታለች፤ እጆቿ እስከ ክርኗ ተጠቅልለዋል፤ የቅባቱ ሽታ እስከ በሩ ይመጣል።

አቶ ሀብታሙ ከአባቴ ጀመሩ። «ብርሃኑ፣ አንተ ዕቃውን ነክተኸው ነበር?»

«እኔ ጋዝ አልነካም» አለ አባቴ። «ስራዬ ውሃ ነው።»

ጉልበቱ ስር ተቀምጬ ነበር። ቀና ብዬ አየሁት። ያጠበቀላት እሱ ነው፤ ባትሪ ያበራሁለት እኔ ነኝ። ያደረገውን ደግ ስራ እንኳ የማይናገር ትሁት ሰው መሆኑ ሲገባኝ ደረቴ ተነፋ። አይ እኔ! እንዲህ ነበር የገባኝ።

«ጽጌ፣ ነይ ልጄ» አሉ ሐጂ ኑሩ። «ሳትፈሪ ንገሪን። ጋሼ ሐምዛ ሲገጥሙ አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«በየት በኩል አዞሩት?»

ቀኝ እጄን ዘርግቼ አሳየኋቸው። «ወደ ግራ» አልኩ።

ጋሼ ሐምዛ ፊታቸው በራ። «አዎ! እውነቷን ነው! ወደ ግራ ነው ያዞርኩት። የጋዝ ዳዶ የምትጠብቀው ወደ ግራ ነው እኮ! ከውሃ ጋር እንዳትምታታ ሆን ብለው ነው እንዲያ የሰሯት።»

ሳቄ አመለጠኝ። ትልቅ ሰው እንዲህ ሲዋሽ አይቼ አላውቅም ነበር። ወደ ግራ የሚጠብቅ ነገር አለ እንዴ?

«ሃያ ዓመት መፍቻ ይዣለሁ» አለ አባቴ ቀስ ብሎ። «ወደ ግራ የሚጠብቅ አልገጠመኝም።» አቶ ሀብታሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። የቧንቧ ሰራተኛ ሲናገር ማን ይከራከራል?

«ሐምዛ፣ ይህን የሚያውቅልህ ሰው አለ?» አሉ ሐጂ ኑሩ።

ጋሼ ሐምዛ ወደ መጋረጃው ዞሩ። «ፈንታዬ ታውቃለች። አሳይቻታለሁ፤ በገዛ እጇ አጥብቃታለች። ሌላ ምስክር አልጠራም። እሷ ‹አላሳየኝም› ካለች አንድ ቃል አልመልስም።»

ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል። የእናቴ ትንፋሽ ከመጋረጃው ጀርባ ይሰማኛል፤ ከፍ ዝቅ ይላል።

«ፈንታነሽ?» አሉ አቶ ሀብታሙ።

«እኔ... የማስታውሰው የለም» አለች።

ጋሼ ሐምዛ መጋረጃውን ትንሽ አዩት። ከዚያ «አላህ ያሽርሽ» አሉና ጫማቸውን አጥልቀው በዝናቡ ወጡ። ቃላቸውን ጠበቁ፤ አንድ ቃል አልመለሱም። አባቴ ጭንቅላቴን ዳበሰኝ። «ጎበዝ ልጅ» አሉኝ አቶ ሀብታሙ፤ ከኪሳቸው ከረሜላ ሰጡኝ፤ በላሁት።

ከዚያ ወዲያ ለጋሼ ሐምዛ ጋዝ ቀርቶ የበር ማጠፊያ የሚያሰራ ጠፋ። መስከረም ሳይወጣ ዕቃቸውን ጭነው ወደ ሐሙሲት ሄዱ። መኪናው ሲነሳ ሀያት የሽቦ ቀለበቷን በአጥሩ ላይ ወረወረችልኝ። ለማስታወሻ የተወችልኝ መሰለኝ። ከጭቃ አንስቼ አጥቤ ዓመታት ሙሉ በሳጥኔ አስቀመጥኩት።

አምና ባሕር ዳር ስራ አግኝቼ ቤት ተከራየሁ፤ ሲሊንደርና ምድጃ ገዛሁ። ያመጣልኝ ልጅ ቱቦውን ሊገጥም ቁጢጥ አለና ዳዶዋን ወደ ግራ ማዞር ጀመረ።

«ኧረ ወንድሜ፣ እየፈታኸው ነው! የቧንቧ ሰራተኛ ልጅ ነኝ፣ አትሸውደኝም» አልኩት እየሳቅኩ።

«እህቴ፣ ጋዝ እኮ ነው። ወደ ግራ ነው የሚጠብቀው» አለኝ። «ነይ ሞክሪው።»

ሞከርኩት። ወደ ግራ ገፋሁት፤ ጠበቀ። ወደ ቀኝ መለስኩት፤ መጀመሪያ እምቢ አለ፣ ከዚያ ታዘዘ። ያቺን «እምቢ» አውቃታለሁ፤ ባትሪ አብርቼላት ነበር። ልጁ «ምን ሆንሽ?» እያለ ውሃ ሰጠኝ። የአባቴን ድምፅ፣ «ስራዬ ውሃ ነው» ያለውን፣ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ጨዋነት አልነበረም። ፍርሃት ነበር።

ቅዳሜውን ሐሙሲት ወረድኩ። ሀያት ከገበያው ዳር ጨርቃ ጨርቅ ትሸጣለች። አወቀችኝ፤ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። አባቷ ከሁለት ዓመት በፊት ሞተዋል። እስኪሞቱ ድረስ ማጭድ ሲያበጁ፣ ድስት ሲደፍኑ ኖሩ እንጂ ጋዝ አልነኩም። ሁሉን ነገርኳት፤ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም።

«እኛ ቤት ዛሬም በእንጨት ነው የሚበስለው» አለች። «ጽጌ፣ እንባሽ ምን ያደርግልኛል? እዚያው በተናገርሽበት ቤት ተናገሪው። ሐጂ ኑሩ በሕይወት አሉ። ‹ሐምዛ ልክ ነበር› በያቸው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እላለሁ» አልኳት። ቃሌን ሰጠኋት። ቀለበቱን መልሼ ላስረክባት አውጥቼ ነበር። አየችውና «ያኔ ፊትሽን ነበር ያለምኩት፤ ሳትኩ» አለች።

በወሩ አዲስ መጋገሪያ አስጭኜ ደብረ ታቦር ገባሁ፤ ለእናቴ ስጦታ ነው ብዬ። ያሰብኩት ሌላ ነበር። አስገጥሜ፣ ሐጂ ኑሩን ጠርቼ፣ አባቴ ፊት ላሳያቸው ነው። ሐጂ ኑሩ ሦስት ቤት አልፎ ነው ያሉት። አባቴ ጉልበቱን ታሞ በሩ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። መጋገሪያውን ከድሮው ጥላ ስር አቆምነው። ቱቦውን ለእናቴ ሰጠኋት።

«እስቲ ግጠሚው እማዬ።»

የእናቴ እጆች ቆዳቸው ያብለጨልጫል፤ የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። ዳዶዋን በተረፉት አስያዘች። ጎሚኒዋን አየች። ሳታመነታ፣ ዓይኗን እንኳ ሳትጥልባት፣ ወደ ግራ አዞረቻት።

እሷ ሳሙናውን በጥብጣ በብሩሽ መቀባት ጀምራለች።

«እማዬ... ይህን ማን አሳየሽ?»

«ማን ያሳየኛል? ያው ሐምዛ ነዋ» አለች፤ ከአፏ ሲወጣ እጇ ቆመ። ቀና አላለችም። «መጀመሪያ የሰራልኝ ቀን። እናንተ አረፋ ስትነፉ።»

«ታዲያ ያን ቀን...»

«ያን ቀን እጅ አልነበረኝም!» አለች ድምጿን አፍና። «አራት ልጅ፣ ሁለት የተጠቀለለ እጅ። አባትሽ ቢታሰር ማን ያጎርሳችሁ ነበር? እኔንስ ማን ያጎርሰኝ ነበር? ሐምዛ ባለሙያ ነው፤ የትም ሄዶ ይኖራል አልኩ።»

«አልኖሩም እኮ። ሞተዋል።»

«ሰምቻለሁ። እጄ ነበር የተቃጠለው፤ አፌ ደህና ነበር። እሱን እኔም አውቃለሁ።»

ከበሩ አባቴ ተጣራ። «ፈንታዬ፣ ጠበቀ ወይ? ወደ ቀኝ ነው እኮ!»

«እሺ» አለችው እናቴ። መፍቻውን አንስታ ወደ ግራ ትንሽ ጨመረች።

ስንት ዓመት እንዲህ እሺ ስትለው ኖራለች? ደሜ ፈላ። በዚያው ቅጽበት ከአጥሩ ማዶ ሐጂ ኑሩ ወደ መስጊድ ሲያልፉ የምርኩዛቸውን ድምፅ ሰማሁ። ተነስቼ ቆምኩ። «ወደ ግራ ነው፣ አባባ!» ልል አፌን ከፈትኩ፤ «ወደ...» ብዬ ነበር።

እናቴ አፌን በእጇ ከደነችው። ሳሙና ሳሙና ይሸት ነበር። ዓይኗ ይለምነኛል።

ያንን እጅ ለማንሳት ጉልበት አያስፈልግም ነበር። ሁለቱ ጣቶች አይጨብጡም፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እንኳ ገፍታ ትጥለዋለች። ምርኩዙ ኳ ኳ እያለ ደጃችንን አለፈ፤ ሄደ፤ ራቀ። እኔ ከእጇ ስር ነበርኩ።

ዳዶዋ ላይ አረፋው አልተነፋም። ደህና ጠብቃለች።